አንድም ዘፈን ሳልዘል

ታናሽ ወንድሜ ባለፈው ወር መልእክት ላከልኝ። «አንድ የራፕ፣ አንድ የሮክ፣ አንድ የካንትሪ አልበም ምረጥልኝ። ከየዓይነቱ ከአንድ በላይ ከላክህ አላነበውም።» አምስት ደቂቃ ስጠኝ አልኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ።

የምወዳቸው ዘፈኖች መአት ናቸው። አልበም ሲባል ግን ነገሩ ይለያል። ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሬ እስከ መጨረሻው አውራ ጣቴ ስልኩን ሳትነካ የምሰማው ስንቱን ነው? ቁጭ ብዬ ስቆጥር ሃያ አልሞላም። «ይሄማ የምንጊዜም ምርጥ ነው» እያልኩ ለዓመታት የተከራከርኩለት አልበም አለ። አሁን ከፍቼ ስሰማው አራተኛው ዘፈን ላይ ጣቴ ትነሳለች። አፌ ሲዋሽ ኖሯል፤ ጣቴ ግን አትዋሽም። ስለዚህ ዳኝነቱን ለእሷ ሰጠኋት።

ወንድሜ ያደገው ዘፈን በአንድ ንክኪ በሚታለፍበት ዘመን ነው። እኔ የካሴት ልጅ ነኝ። ካሴት ላይ ዘፈን መዝለል ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። ወደፊት ታስኬዳለህ፣ ታቆማለህ፣ አልፈኸዋል፣ ደግሞ ትመልሳለህ። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የማትወደውን ዘፈን ችሎ መስማት ይሻላል። እንዲህ ተችሎ ተችሎ በአሥረኛው ጊዜ የጣመኝ ዘፈን ስንት ነው መሰላችሁ።

በነገራችን ላይ አልበም የሚለው ቃል ከፎቶ አልበም ጋር ዝምድና አለው። ድሮ አንድ ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው ሦስት አራት ደቂቃ ብቻ ነበር። ረዘም ያለ ሥራ ከሆነ ብዙ ሸክላዎች እንደ ፎቶ መያዣ በሚገለጥ ጥራዝ ተደርገው ይሸጡ ነበር። በ1948 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) የሙዚቃ ኩባንያው ኮሎምቢያ ረጅሙን ሸክላ ሲያወጣ ያ ሁሉ ጥራዝ አንድ ሸክላ ላይ ገባ። ስሙ ግን አብሮ ቀረ። በአንድ ገጽ ሃያ ምናምን ደቂቃ፣ በሁለቱ አርባ። ሸክላው ከእጄ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፤ ጆሮዬ ግን እስከ ዛሬ አርባ ደቂቃ ላይ ይደክማል።

ራፕ ላይ ብዙም አልተቸገርኩም። ማለቴ መጀመሪያ ላይ።

የኒው ዮርኩ ራፐር የናስ «ኢልማቲክ» ነው። ኤፕሪል 1994 ሲወጣ ናስ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። አሥር ትራክ አለው፤ አንዱ መግቢያ ስለሆነ ዘፈኖቹ ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም አርባ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። ሽፋኑ ላይ የሚታየው ሕፃን ራሱ ናስ ነው፣ በሰባት ዓመቱ። ከፊቱ ጋር ተደርቦ የሚታየው ሰፈር ደግሞ ያደገበት ኩዊንስብሪጅ ነው፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ያለ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ሰፈር።

መጀመሪያ የሰማሁት ጊዜ ግማሹ አልገባኝም። እንግሊዝኛ በትምህርት ለለመደ ሰው ራፕ በተቃራኒው ነው የሚገባው። መጀመሪያ ምቱ ይገባሃል። ከዚያ ቤት መምታቱ፤ የትኛው ቃል የትኛውን ቃል እንደሚጠራ ጆሮህ ይለየዋል። ትርጉሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ አንዳንዴ ከዓመታት በኋላ። ግጥሙን በእጄ እየጻፍኩ፣ እየሰረዝኩ፣ ካሴቱን እየመለስኩ ነበር የማጠናው። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ያ ድካም አይከብደውም። አንድ መስመር ሁለት ነገር ሲል ስትይዘው የሚሰማህን ደስታ ቀድሞ ያውቀዋላ።

ልጁ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሚያየውን ነው የሚያወራው። አይሰብክም። እስር ቤት ላለ ጓደኛው የሚጽፈው ደብዳቤ አለ፤ የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ያደርስለታል። እዚያ ዘፈን ውስጥ የለቅሶ ቃል የለም፤ ግን አንጀት ይበላል። ሌላ ቦታ ላይ ናስና ጓደኛው ኤዜድ ስለ ሞት ያወራሉ፤ ነገ አንኖር ይሆናል፣ እንግዲያው ዛሬ እንኑር ይላሉ። ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል አንድ ኮርኔት ይገባል። የሚነፋው የናስ አባት ኦሉ ዳራ ነው፣ የጃዝ ሙዚቀኛ። ልጁ ያን ሁሉ ከተናገረ በኋላ አባትየው ያለ ቃል ይመልስለታል። አባቱ መሆኑን ያወቅሁት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። ያን ቀን መልሼ መላልሼ ሰማሁት።

ቢቱን የሠሩት ሰዎች አምስት ስድስት ናቸው፤ ዲጄ ፕሪሚየር፣ ፒት ሮክ፣ ላርጅ ፕሮፌሰር፣ ኪው-ቲፕ እያለ ይሄዳል። ግን ሁሉም አንድ ክፍል ውስጥ የተቀዳ ነው የሚመስለው። ከበሮ፣ ቤዝ፣ አንድ ቁራጭ ፒያኖ። ሌላው ቦታ ለልጁ ድምፅ ተትቷል።

ይሄን ጽፌ ልልክ ስል ሌላው ራፐር ኬንድሪክ ላማር ትዝ አለኝ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ጋ ነው።

«ቱ ፒምፕ ኤ ባተርፍላይ» በ2015 ወጣ። ሰባ ዘጠኝ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከጆሮዬ አቅም እጥፍ። ተንደርካት ቤዝ፣ ካማሲ ዋሺንግተን ሳክስፎን፣ ሮበርት ግላስፐር ፒያኖ ይዘው ገብተዋል። ባዶ ቦታ ብሎ ነገር የለም። ከዘፈን ወደ ዘፈን አንድ ግጥም እየጨመረ፣ እየጨመረ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ግጥሙ ለማን እየተነበበ እንደነበር ይገባሃል፤ ለቱፓክ። ቱፓክ በ1996 ሞቷል። ኬንድሪክ ከ1994 የተቀዳ ቃለ ምልልስ ወስዶ፣ መልሱን ቆራርጦ፣ ራሱ ጠያቂ ሆኖ ያናግረዋል። የመጨረሻው ጥያቄ መልስ አያገኝም። በጨለማ ቁጭ ብዬ ስሰማው እኔም «ምነው ዝም አልክ?» ልል ምንም አልቀረኝም።

ታዲያ ለምን አልመረጥኩትም? ጣቴ። ጣቴ እዚህ አልበም ላይ አትዘልም፤ ግን መጀመሪያውኑ ለመክፈት ትፈራለች። በዓመት ሁለቴ ብሰማው ነው። «ኢልማቲክ»ን ግን ዕቃ እያጠብኩም እሰማዋለሁ።

ኬንድሪክ ላይ አንድ የማፍርበት ታሪክ አለኝ። በ2017 «ዳም» ሲወጣ ሳምንት ሙሉ ስሰማ «የዘፈኖቹ ቅደም ተከተል እንዴት ያለ ነው!» እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ አወራሁ። ለካ ስልኬ ማደባለቂያው ላይ ነበር። በየቀኑ ሌላ አልበም ነበር የምሰማው። ያዳነኝ ራሱ ኬንድሪክ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ያንኑ አልበም ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ እንደገና አወጣው። አያችሁ አልኩ፤ ማንም አላመነኝም። አልበሙ በ2018 የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ወሰደ፤ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጭ የመጀመሪያው ነው።

የሎሪን ሂል የ1998ቱን አልበምም ሳልጠቅስ ባልፍ ይከፋኛል። በዘፈኖቹ መሀል የክፍል ውስጥ ወሬ አለ፤ አስተማሪው ልጆቹን ፍቅር ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃቸዋል። የራፕ አልበም ላይ እንዲህ ያሉ የወሬ ቁርጥራጮች ሲመጡ ብዙ ጊዜ አልፋቸዋለሁ። የእሷን ግን አልዘልም። የአስተማሪው ድምፅ የራስ ባራካ ነው፤ ኋላ የኒውአርክ ከንቲባ ሆነ። እሷ ከዚያ ወዲህ ሌላ የስቱዲዮ አልበም በብቸኝነት አላወጣችም። ድሮ ይሄ ያናድደኝ ነበር። አሁን ትቼዋለሁ።

ሮክ ላይ ግን ከራሴ ጋር ተጣላሁ።

በአሥራዎቹ ዕድሜዬ ብትጠይቁኝ ኖሮ መልሱ አንድ ነበር። ኒርቫና። «ኔቨርማይንድ»። በ1991 ወጥቶ በ1992 መጀመሪያ ላይ የማይክል ጃክሰንን «ዴንጀረስ» ከአንደኝነት ያወረደው። አሁን የመጀመሪያውን ዘፈን ጊታር ስሰማ ጣቴ ቀድማ ትነሳለች። የዘፈኑ ጥፋት አይደለም። ከልክ በላይ ሰምቼው ጨርሼዋለሁ፤ ከበዓል በኋላ እንደተረፈ ምግብ ሆኖብኛል።

የፍሊትዉድ ማክ «ሩመርስ»ም ቀርቦ ነበር። በ1977 የወጣ ነው። ባንዱ ውስጥ ሁለት ጥንዶች እየተለያዩ ነበር፤ አንዷ ስለ ሌላው የጻፈችውን ዘፈን ያው ሰውዬ ጊታር ይመታላታል። ያ ጨዋታ ደስ ይላል። አንድ ሁለት ዘፈን ግን ይዘለላል፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልናገርም፣ ጠብ አልፈልግም።

የፒንክ ፍሎይድ «ዘ ዳርክ ሳይድ ኦፍ ዘ ሙን» ደግሞ አለ። ይሄን አልበም የማይወድ ሰው ሲያጋጥመኝ አልከራከርም፤ ዝም ብዬ አዝናለሁ። በልብ ምት ይጀምራል፣ በልብ ምት ያልቃል። በ1973 ወጥቶ በአሜሪካ የአልበም ሰንጠረዥ ላይ ጥቂት ሳይሆን ከሰባት መቶ ሳምንት በላይ ተቀምጧል። መሀል ላይ አንዲት ሴት ያለ አንዲት ቃል የምትጮህበት ዘፈን አለ። ክሌር ቶሪ ትባላለች። ስቱዲዮ ጠርተዋት ቃል እንዳትጠቀም ነገሯት፤ እሷም ድምፅዋን እንደ መሣሪያ አደረገችው። ጥቂት ጊዜ ሞከረች፣ ሠላሳ ፓውንድ ተከፈላት፣ ሄደች። ሸክላው ሲወጣ ስሟን ሽፋኑ ላይ አየች። በ2004 ከሰሰች፤ በዓመቱ በስምምነት ተዘጋና የዘፈኑ ደራሲ ተብላ አብራ ተጻፈች። እኔ ብጠየቅ ድሮም የእሷ ነው እል ነበር። ዜማው በቦታው የፈለቀው ከእሷ ነው።

ልመርጠው ነበር። ያስተወኝ አንድ ነገር ነው። ወንድሜ ያውቀዋል። የሚታወቅ አልበም ልኬለት ምን ይጠቅመዋል?

እና የብሩስ ስፕሪንግስቲንን «ነብራስካ» መረጥኩ።

ይሄ አልበም ሙከራ ነበር። በ1982 መጀመሪያ ላይ ስፕሪንግስቲን ኒው ጀርሲ ውስጥ በተከራየው ቤት ቁጭ ብሎ በአራት ትራክ የካሴት መቅጃ አዳዲስ ዘፈኖቹን ቀዳ። ሐሳቡ ለባንዱ ለማሰማት ነበር። አኩስቲክ ጊታር፣ ሃርሞኒካ፣ ድምፁ፣ ሌላ ብዙ ነገር የለም። ካሴቱን ማቀፊያ እንኳን ሳያደርግለት ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞር ነበር። ከዚያ ስቱዲዮ ገብተው ከባንዱ ጋር ሞከሩት። ሆነ፣ ግን አልሆነም። የተሻለ መሣሪያ፣ የተሻለ ድምፅ፤ ነገር ግን ዘፈኖቹ ሞቱ። መጨረሻ ላይ ያንኑ የኪስ ካሴት ወደ ሸክላ ገልብጠው አወጡት። ከዚያው ካሴት ላይ የነበረ ሌላ ዘፈን በ1984 በባንድ ተሠርቶ የ«ቦርን ኢን ዘ ዩኤስኤ» አልበም መጠሪያ ሆነ፤ ያንን ዓለም ሁሉ ያውቀዋል።

«ነብራስካ»ን በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት የቴፑ እሽታ ይሰማችኋል። ሰውዬው ሌላ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው እንዳይነቃበት የሚዘፍን ነው የሚመስለው። አሥር ዘፈን ነው። ሥራ ያጣ፣ ዕዳ ያለበት፣ የገደለ፣ ሌሊት መኪና የሚነዳ ሰው ይተርካል። አምስተኛው ላይ የመንገድ ፖሊስ ነው የሚያወራው። ወንድም አለው፤ አስቸጋሪ ወንድም። ስንት ጊዜ አይቶ እንዳላየ አልፎታል። አንድ ሌሊት ወንድሙ ሰው ይጎዳና በመኪና ያመልጣል። ፖሊሱ ይከተለዋል። ድንበሩ ጋ ሲቃረቡ መኪናውን ዳር ያቆምና የወንድሙ የኋላ መብራት እስኪጠፋ ያያል። በቃ። ዘፈኑ ትክክል ነው ስህተት ነው አይልም።

ይሄን ዘፈን ጆኒ ካሽ በ1983 አልበሙ ላይ ዘፍኖታል፤ ከ«ነብራስካ» ሁለት ነው የወሰደው። የሮክ ሰው ቤቱ ውስጥ በካሴት የቀዳውን የካንትሪ ሽማግሌ በዓመቱ «ይሄማ የእኔ ነው» ብሎ ወሰደው። እኔ ካንትሪን አልወድም ብዬ በምፎክርበት ዘመን ለካ ካንትሪ ስሰማ ነበር።

አዎ፣ እፎክር ነበር። «ከካንትሪ በስተቀር ሁሉንም እሰማለሁ» የሚለው አባባል የእኔም ነበር። ባርኔጣ፣ ፈረስ፣ ቢራ፣ የተጎተተ ድምፅ። ሳልሰማው ነው የጠላሁት። ሰዎች ራፕን ሳይሰሙ ሲጠሉ ደሜ እየፈላ፣ እኔም ያንኑ አደርግ ነበር።

የቀየረኝ ካሽ ነው። ጃንዋሪ 13 ቀን 1968 ካሊፎርኒያ ወደሚገኘው ፎልሰም እስር ቤት ገብቶ በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ዘፈነ። ተቀድቶ አልበም ሆነ። በመሀል የእስር ቤቱ ማስታወቂያ ይሰማል፤ የእስረኛ ቁጥር ተጠርቶ ይፈለጋል ይባላል። የመጨረሻውን ዘፈን የጻፈው ግሌን ሸርሊ የተባለ እዚያው የታሰረ ሰው ነው። ካሽ ዘፈኑን ያጠናው በዋዜማው ሲሆን፣ ሸርሊ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ዘፈነለት።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን ቆረጠው። በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ተራኪው ሰው የገደለው ሲሞት ለማየት ብቻ እንደሆነ ይናገራል። በዚህ ጊዜ እስረኞቹ በደስታ ይጮኻሉ። ያ ጩኸት ሁልጊዜ ፀጉሬን ያቆመው ነበር። ለካ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተጨመረ ነው። እስረኞቹ ዘበኞቹ እያዩዋቸው በእንዲህ ያለ ነገር ሊጮኹ አልደፈሩም። ካሽ ራሱም ተፈርዶበት እስር ቤት ገብቶ አያውቅም፤ የታሰረው ለአንዳንድ ሌሊት ብቻ ነው። የዚያ ዘፈን ዜማና ግጥምም ቢሆን ብዙው ጎርደን ጄንኪንስ ከተባለ ሰው ዘፈን የተወሰደ ነው፤ ካሽ ኋላ ላይ ገንዘብ ከፍሎ ታረቀ። ራፐሮች የሰው ዜማ ቆርጠው ይሰርቃሉ ለሚሉ የካንትሪ ወዳጆች ይቺን እነግራቸዋለሁ። የራፕ ቡድኑ ዴ ላ ሶል በቆራረጧቸው ዜማዎች ፈቃድ የተነሳ የ1989ኙ አልበማቸው እስከ 2023 ድረስ ኢንተርኔት ላይ በሕጋዊ መንገድ አይደመጥም ነበር። ለካሽ ግን ማንም በዚህ ሰበብ ዘፈኑን ከሬዲዮ አላወረደበትም።

ተናደድኩ፣ ከዚያ በረደልኝ። ጩኸቱ የውሸት ሆኖ ዘፈኑ የእውነት መሆን ይችላል። ናስም ቢሆን ያወራውን ሁሉ አላደረገውም።

ወደ ካሽ የመለሰኝ ሌላ ነገር አለ። «ኢልማቲክ» በወጣ ልክ በሳምንቱ፣ በዚያው ኤፕሪል 1994፣ ካሽ «አሜሪካን ሪኮርዲንግስ»ን አወጣ። አንዱ ሃያ፣ ሌላው ስልሳ ሁለት ዓመቱ። ካሽን ያን ጊዜ የሚፈልገው አልነበረም ማለት ይቻላል። ጠርቶ ሳሎኑ ውስጥ አንድ ጊታር ይዘህ ዝፈን ያለው ሪክ ሩቢን ነው። ሩቢን ማን ነው? የራፕ ኩባንያውን ዴፍ ጃምን ከመሠረቱት አንዱ። ለኤልኤል ኩል ጄ፣ ለቢስቲ ቦይስ የሠራ። በ1986 ራፐሮቹን ረን ዲኤምሲን ከሮኮቹ ከኤሮስሚዝ ጋር አንድ ዘፈን ላይ ያገናኘ። የሸክላ ጀርባ የሚያነብ ሰው እንዲህ ያለውን ስም ሦስቱም መደርደሪያ ላይ ያገኘዋል። ካሽ በ2002 የሮክ ባንዱን የናይን ኢንች ኔይልስን ዘፈን ወስዶ ሲዘፍን የባንዱ ባለቤት ትሬንት ሬዝነር ገና በሕይወት ያለ ዘፈኑን ለሰው አስረከበ ይባላል፤ እኔም እንዲያ ነው የሚሰማኝ። በ2018 መጨረሻ ራፐሩ ሊል ናስ ኤክስ «ኦልድ ታውን ሮድ»ን ሲያወጣ ስር ያለው ባንጆ ከማን መጣ? ከዚያው ከናይን ኢንች ኔይልስ። የአሜሪካን የዘፈን ሰንጠረዥ የሚያወጣው ቢልቦርድ ዘፈኑን ካንትሪ አይደለም ብሎ ከካንትሪ ሰንጠረዡ አወጣው፤ ዘፈኑም በዋናው ሰንጠረዥ አሥራ ዘጠኝ ሳምንት አንደኛ ሆኖ ተቀመጠ። ሳቅሁ።

ስለ ቢዮንሴ «ካውቦይ ካርተር» የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ በአጭሩ፦ ግማሹን እወደዋለሁ። ሃያ ሰባት ትራክ ነው። ከእሱ ያተረፍኩት ትልቁ ነገር ሊንዳ ማርቴል ናት። ድምፅዋን እዚያ ሰምቼ የ1970 አልበሟን ፈለግሁ። ያወጣችው ያንኑ አንድ ብቻ ነው። ስሙት።

ስለ ትራክ ብዛት ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ላማርር። በ2014 መጨረሻ ቢልቦርድ ዘፈን ኢንተርኔት ላይ 1,500 ጊዜ መደመጡን እንደ አንድ አልበም ሽያጭ መቁጠር ጀመረ። እንግዲህ ዘፈን በበዛ ቁጥር ቆጠራው ይበዛል። የድሬክ የ2018 አልበም ሃያ አምስት ዘፈን ነው። የሞርጋን ዋለን የ2023 የካንትሪ አልበም ሠላሳ ስድስት። ራፕና ካንትሪ በስንት ነገር ሲናቆሩ ኖረው እዚህ ላይ ተስማሙ። ሠላሳ ስድስት ዘፈን አልበም አይደለም፤ አስቤዛ ነው። መሀሉ ላይ ጥሩ ዘፈን የለም አልልም፤ አለ፤ ግን ፈልጎ ማግኘት የእኔ ሥራ ሆነ።

በመጨረሻ ለካንትሪ የላክሁለት ካሽን አይደለም። ፎልሰም ላይ መሀል ያሉትን የቀልድ ዘፈኖች ጣቴ ትዘላቸዋለች፤ ሕግ ሕግ ነው። የላክሁለት የዊሊ ኔልሰንን «ሬድ ሄድድ ስትሬንጀር» ነው፣ የ1975ቱን። ሚስቱንና ውሽማዋን ገድሎ በፈረስ የሚንከራተት ሰባኪ ታሪክ ነው። ከዘፈን ወደ ዘፈን ዜማው ይመለሳል፣ ይቆረጣል፣ ሌላ ቦታ ይቀጥላል። አንዱን ብቻ ነጥላችሁ ብትሰሙት ጎዶሎ ነው። ኔልሰን ጨርሶ ሲያስረክብ የኩባንያው ሰዎች ገና ያላለቀ ናሙና መሰላቸው። መሣሪያው የታለ አሉ። ውሉ ግን የመጨረሻውን ቃል ለእሱ ይሰጥ ስለነበር እንዳለ ወጣ። የናይለን ጊታሩ አለ፤ ፒያኖውን የምትመታው እህቱ ቦቢ ናት። አንዳንድ ቦታ ላይ እሷ ናት የምትሰማው፤ ወንድምየው ዝም ይላል።

ሦስቱን ስም ጽፌ ላክሁ። ማብራሪያ አልጨመርኩም፤ ይሄ ሁሉ ማብራሪያ ለእናንተ ነው።

«ካንትሪ? አንተ?» ብሎ መለሰ። ከዚያ አራት ቀን ዝም።

በአምስተኛው ቀን ደወልኩ። 

«የቱን ጀመርክ?»

«ነብራስካን። ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው የላክህልኝ? ሙድ ይገድላል።»

«የት ደረስክ?»

«አራተኛው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። ዛሬ ማታ ከዚያ እቀጥላለሁ።»

«ከመጀመሪያው ጀምር።»

«ለምን? አምስተኛው ላይ ምን አለ?»

«ምንም የለም» አልኩት። «እንዳትዘለው ብቻ።»